መምህርም አሠልጣኝም ለመሆን፦ አጭሩ መንገድ የሚያዋጣው መቼ ነው?

በ1984 የቴክሳስ ግዛት ምክር ቤት ትልቅ የትምህርት ማሻሻያ ሕግ አወጣ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሕጉ እስከ ዛሬ የሚታወቀው «ካላለፍክ አትጫወትም» በተባለው አንቀጹ ነው፤ በአንድ ትምህርት ከ70 በታች ያመጣ ተማሪ ለተወሰኑ ሳምንታት ለትምህርት ቤቱ ቡድን አይሰለፍም። የማሻሻያውን ሐሳብ ያረቀቀውን ኮሚቴ የመሩት የዳላሱ ባለሀብት ሮስ ፔሮ ነበሩ። ዓርብ ማታ የሚደረገው የአሜሪካ ፉትቦል ግጥሚያ ከተማውን ሙሉ ነቅሎ በሚያወጣበት ግዛት እንዲህ ያለ ሕግ መውጣቱ አሠልጣኞችን ክፉኛ አስቆጣ። አገረ ገዥው ማርክ ዋይት በ1986 ምርጫ ሲሸነፉም ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ሕግ እንደነበር ብዙ ተብሏል። በዚያው ሕግ ውስጥ ግን ያን ያህል ጫጫታ ያላስነሳ ሌላ ነገርም ነበር። የመምህራን ማሠልጠኛ ደጃፍ ያልረገጠ ባለ ዲግሪ፣ እያስተማረ ሠልጥኖ የመምህርነት ፈቃድ እንዲያገኝ ተፈቀደ። በዓመቱ የሂዩስተን ትምህርት ዲስትሪክት (የከተማውን የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድረው አካል) የግዛቱን የመጀመሪያ አማራጭ የፈቃድ ፕሮግራም ጀመረ። ዛሬ በቴክሳስ አዲስ ፈቃድ ከሚያገኙ መምህራን የሚበዙት በዚህ በር የገቡ ናቸው፤ ክፍል ውስጥ ታሪክ ወይም ሒሳብ እያስተማሩ ከሰዓት በኋላ ቡድን የሚያሠለጥኑ ብዙዎችም ከእነዚሁ ውስጥ ይገኛሉ።

በዚህ መንገድ ዙሪያ የሚደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠነጥነው በርዝመቱ ላይ ነው። ደጋፊው «አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው እንደገና ለምን ይንገላታል?» ይላል፤ ተቃዋሚው ደግሞ የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ብሎ ያስጠነቅቃል። ሁለቱም ጥያቄውን የተሳሳተ ቦታ ላይ አስቀምጠውታል። የተሰበሰበው ማስረጃ የሚያመለክተው ወደ ሌላ ነገር ነው፦ ጀማሪው በመጀመሪያው ዓመት ክፍል ውስጥ ቆሞ ሲያስተምር የሚያየው ሰው አለ ወይ? ያየውስ ሰው ምን ብሎ ያርመዋል? አጭሩ መንገድ ሥልጠናውን ወደ ሥራው ሰዓት ካዛወረው ጥሩ መምህር ያወጣል፤ ሥልጠናውን ጨርሶ ካስቀረው ግን ተማሪው ይከፍላል። ይህን ልዩነት ከማንም ቀድሞ ሊገነዘብ የሚገባው ደግሞ አሠልጣኝ መሆን የሚፈልግ ሰው ነው፤ ምክንያቱም ማሠልጠን ማለት ሰው ሲሠራ አይቶ እዚያው ማረም ነው።

መጀመሪያ አካሄዱን እንይ። በቴክሳስ አመልካቹ በማንኛውም መስክ የመጀመሪያ ዲግሪ ሊኖረው ይገባል፤ አማካይ ውጤቱም በመደበኛነት ከ2.5 ማነስ የለበትም። ሊያስተምር በሚፈልገው ትምህርት በቂ ኮርስ መውሰዱን ያሳያል፤ ካልሆነ የትምህርቱን ፈተና አስቀድሞ ያልፋል። ከዚያ ግዛቱ ዕውቅና በሰጠው ማሠልጠኛ ይመዘገባል። ማሠልጠኛው ዩኒቨርሲቲ ወይም ትምህርት ዲስትሪክት ሊሆን ይችላል፤ ለትርፍ የተቋቋመ ኩባንያም ሊሆን ይችላል። ጠቅላላው ሥልጠና ቢያንስ 300 ሰዓት ሲሆን፣ ክፍል ከመረከቡ በፊት ግማሹን፣ ማለትም 150 ሰዓቱን መጨረስ ይጠበቅበታል፤ በነባር መምህራን ክፍል ተቀምጦ የሚታዘብበት ጊዜም ተመድቧል። የጣት አሻራ ሰጥቶ የወንጀል መዝገቡ ይጣራል። ትምህርት ቤት ሲቀጥረው የአንድ ዓመት የተለማማጅ ፈቃድ ያገኛል፤ ደመወዙም የመምህር ደመወዝ ነው። በዳላስና በሂዩስተን ትልልቅ ዲስትሪክቶች የጀማሪ መምህር ደመወዝ በቅርብ ዓመታት በዓመት ከ60 ሺህ ዶላር በላይ ደርሷል። በዚያ ዓመት ትምህርት ቤቱ አንድ ነባር መምህር በአማካሪነት ይመድብለታል፤ ማሠልጠኛውም ተቆጣጣሪ እየላከ ሲያስተምር ያስገመግመዋል። የማስተማር ሥነ ዘዴና የሙያ ኃላፊነት ፈተናውን ሲያልፍና ልምምዱን በአግባቡ መጨረሱ ሲረጋገጥ መደበኛውን ፈቃድ ይቀበላል። ይህም ፈቃድ በየ5 ዓመቱ የሚታደስ ሲሆን፣ ለማሳደስ 150 ሰዓት ተጨማሪ ሥልጠና ያስፈልጋል። ከ2021 ወዲህ ደግሞ ትንንሽ ልጆችን የሚያስተምር ሰው ንባብ እንዴት እንደሚሰጥ የሚለካ የተለየ ፈተና ይጠብቀዋል።

የአሠልጣኝነቱ በር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በቴክሳስ የሕዝብ ትምህርት ቤቶችን ውድድር የሚመራው በአውስቲን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ዩኒቨርሲቲ ኢንተርስኮላስቲክ ሊግ ነው። የሊጉ ደንብ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ አሠልጣኝ የዲስትሪክቱ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ እንዲሆን ይጠይቃል። ስለዚህ ቅርጫት ኳስ ወይም አገር አቋራጭ ሩጫ ማሠልጠን የሚፈልግ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ሌላ የትምህርት ቤት ሥራ ያስፈልገዋል፤ ያም ሥራ በአብዛኛው ማስተማር ነው። ብዙ ቦታ የሚፈርመው ውል ማስተማሩንና ማሠልጠኑን አንድ ላይ የያዘ በመሆኑ፣ ቡድኑን ትቶ ክፍሉን ብቻ ልያዝ ቢል ላይፈቀድለት ይችላል። ከመምህርነቱ ፈቃድ ሌላ የመጀመሪያ ዕርዳታና የሲፒአር (የቆመ ልብና ትንፋሽ የማስነሣት) ሥልጠና፣ የሊጉ የደንብና የደኅንነት ትምህርት ይጠበቅበታል። በ2011 በወጣ ሕግ መሠረትም ተጫዋች ጭንቅላቱን ሲመታ ስለሚደርስበት ጉዳት በየሁለት ዓመቱ ይሠለጥናል። በትንንሽ ከተሞች ያሉ ዲስትሪክቶች ደግሞ አሠልጣኙ የአውቶቡስ መንጃ ፈቃድ እንዲያወጣ ይፈልጋሉ፤ ቡድኑን ወደ ግጥሚያ ይዞ የሚሄደው፣ በሌሊትም የሚመልሰው እሱ ራሱ ነውና። በውድድር ወራት ቀኑ ከትምህርት ደወል በፊት በልምምድ ይጀምራል፤ መሐሉን ክፍል ይወስደዋል፤ ከመጨረሻው ደወል በኋላ እንደገና ወደ ሜዳ ነው። ተጨማሪ አበል ቢኖረውም በሰዓት ሲካፈል እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ይህ መንገድ የቴክሳስ ብቻ አይደለም። ኒው ጀርሲ በዚያው በ1984 ተመሳሳይ አሠራር አጸደቀች፤ በጊዜው የነበረው አማራጭ ቀውጢ ሲመጣ ያለ ሥልጠናም ያለ ክትትልም የሚሰጥ የአስቸኳይ ፈቃድ ስለነበር፣ የግዛቷ ባለሥልጣናት አዲሱን መንገድ ያቀረቡት በዚያ ምትክ ነው። በ1990 የመጀመሪያ ቡድኑን ያሰማራው «ቲች ፎር አሜሪካ» የታወቁ ዩኒቨርሲቲዎች ምሩቃንን ለሁለት ዓመት ወደ ድሃ ሰፈር ትምህርት ቤቶች መላክ ጀመረ፤ ከሠራዊቱ የተሰናበቱ ሰዎችን ወደ መምህርነት የሚያሸጋግር ፕሮግራምም በ1990ዎቹ ተቋቋመ። በ2015 እና 2016 የትምህርት ዘመን በአሜሪካ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ከሚያስተምሩት መካከል 18 በመቶ ያህሉ በአማራጭ መንገድ የገቡ እንደነበሩ የፌዴራሉ የትምህርት ስታቲስቲክስ ማዕከል አስታውቋል። እነማን እንደሆኑም ልብ ይሏል። በአማራጭ ከገቡት 32 በመቶው ወንዶች ሲሆኑ በመደበኛው መንገድ ከመጡት ግን 22 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ጥቁር መምህራን 13 በመቶ፣ በመደበኛው 5 በመቶ። ቤተሰብ የሚያስተዳድር፣ ሌላ ሙያ የሞከረ፣ ዓመት ሙሉ ያለ ደመወዝ ለመለማመድ አቅም የሌለው ሰው የሚገባው በዚህ በር መሆኑን ቁጥሩ ይናገራል።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፦ ተማሪው ይጎዳል ወይስ አይጎዳም? ማቲማቲካ የተባለው የምርምር ድርጅት ለፌዴራሉ መንግሥት ያካሄደውና በ2009 የታተመው ጥናት በአንድ ትምህርት ቤት፣ በአንድ ክፍል ደረጃ የሚያስተምሩ መምህራንን ጥንድ ጥንድ አድርጎ አነጻጸረ፤ አንዱ በአማራጭ፣ ሌላው በመደበኛው መንገድ የመጣ። ተማሪዎቹ በዕጣ ተመደቡ፤ ስለዚህ ጎበዝ ጎበዙ ለአንዱ ደርሶት ይሆናል የሚለው ጥርጣሬ አይሠራም። በንባብም በሒሳብም ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። ያው ድርጅት በ2004 ባሳተመው ሌላ ጥናት ደግሞ የቲች ፎር አሜሪካ መምህራን ተማሪዎች በሒሳብ በመጠኑ በልጠው፣ በንባብ እኩል ሆነው ተገኝተዋል። ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ሥልጠና ምንም አያደርግም» ብሎ መደምደም ይቀላል፤ ደጋፊዎቹም አንዳንዴ እንዲህ ይላሉ። ነገር ግን ቴክሳስ ራሷ ሳታስበው የዚህን ድምዳሜ መልስ ሰጥታለች። በ2015 የወጣ ሕግ ዲስትሪክቶች ከፈቃድ ግዴታ ነጻ የሚሆኑበትን ቀዳዳ ከፈተ፤ ከኮሮና ወረርሽኝ በኋላ መምህር ሲጠፋ ቀዳዳው በር ሆነ። በ2023 እና 2024 የትምህርት ዘመን አዲስ ከተቀጠሩት መምህራን ሦስተኛ ያህሉ ምንም ፈቃድ አልነበራቸውም። የቴክሳስ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት እንዳሳየው ፈቃድ የሌለው አዲስ መምህር የደረሳቸው ተማሪዎች በንባብ የ4 ወር፣ በሒሳብ የ3 ወር ያህል ትምህርት ወደ ኋላ ቀርተዋል።

እነዚህን ጥናቶች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ ነገር ይገለጽለታል። አማራጭ ፈቃድ ያለው መምህርና ፈቃድ የሌለው መምህር ከውጭ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም የመምህራን ኮሌጅ አልገቡም። የሚለያቸው የመጀመሪያው ቢያንስ ጥቂት መቶ ሰዓት መሠልጠኑ፣ መፈተኑና ተቆጣጣሪ ክፍሉ መግባቱ ነው። እዚያው የቴክሳስ ቴክ ጥናት ውስጥ ያለ ሌላ ግኝትም ይህንኑ ያጠናክራል፤ ፈቃድ ባይኖራቸውም ቀደም ሲል በሕዝብ ትምህርት ቤት በሌላ ሥራ የቆዩት ሰዎች ተማሪዎች ተመሳሳይ ኪሳራ አልታየባቸውም። ረዳት መምህር ሆኖ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው ሠላሳ ልጅ በአንድ ጊዜ ሲንጫጫ ምን እንደሚደረግ አይቷል፤ ማን እንዴት ዝም እንዳሰኛቸው፣ ማን ዝም ማሰኘት አቅቶት እንደተሸነፈ ያውቃል። ሥልጠና በሁለት መንገድ እንደሚገኝ እንጂ እንደማያስፈልግ የሚያሳይ ማስረጃ እዚህ ውስጥ የለም።

ምን ዓይነት ሥልጠና ነው የሚጠቅመው ለሚለው የስፖርቱ ዓለም ያስቀመጠልን ግሩም መረጃ አለ። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲን የቅርጫት ኳስ ቡድን በ12 ዓመት ውስጥ ለ10 ብሔራዊ ዋንጫ ያበቁት ጆን ውድን ሥራ የጀመሩት የሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ መምህርና አሠልጣኝ ሆነው ነበር። በ1974 እና 1975 የውድድር ዘመን ጋሊሞርና ታርፕ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ልምምዳቸውን ተቀምጠው እየተመለከቱ እያንዳንዱን የማስተማር ድርጊት መዘገቡ፤ 2,326 ሆነ። ከዚህ ውስጥ ሙገሳው 7 በመቶ እንኳ አልሞላም፤ ቁጣውም እንደዚያው። አብዛኛው ምን መደረግ እንዳለበትና እንዴት እንደሚደረግ የሚናገር አጭር መረጃ ነበር። ተጫዋች ሲሳሳት ያስቆሙታል፤ ትክክለኛውን ያሳዩታል፤ እሱ እንዴት እንዳደረገው ያሳዩታል፤ እንደገና ትክክለኛውን ያሳዩታል፤ ጨዋታው ይቀጥላል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በሰከንዶች ውስጥ ነው። እንዲህ ያለው እርማት ለጀማሪ አሠልጣኝም ይሠራል። በሲያትል አካባቢ የልጆች ቤዝቦል አሠልጣኞች ላይ በተደረገና በ1992 በታተመ ጥናት፣ የሁለት ሰዓት ተኩል ሥልጠና ወስደው ራሳቸውን እየተከታተሉ እንዲሠሩ የተደረጉት አሠልጣኞች ቡድን ውስጥ ከነበሩት ልጆች በቀጣዩ ዓመት ያቋረጡት 5 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ያልሠለጠኑት ዘንድ ግን 26 በመቶ። ሥልጠናው አጭር ነው፤ ግን ከሥራው ጋር የተጋመደ፣ በግልጽ በሚታይ ባሕርይ ላይ ያተኮረ ነበር።

ይህ ሐሳብ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎችም እንግዳ አይደለም። በ1962 ወደ ኢትዮጵያ የገቡት ወደ 300 የሚጠጉ የሰላም ጓድ አባላት አብዛኞቹ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተላኩ የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ነበሩ፤ ከመምጣታቸው በፊት ያገኙት የአንድ ክረምት ዝግጅት ነበር። ከ1964 ጀምሮ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርታቸውን አቋርጠው ለአንድ ዓመት ብሔራዊ አገልግሎት እንዲሰጡ ተደነገገ፤ ብዙዎቹ በየጠቅላይ ግዛቱ መምህር ሆነው ሄዱ። ከ2011 ወዲህ ለዓመታት የሠራው አሠራር ደግሞ መጀመሪያ በትምህርት መስኩ ዲግሪ፣ ከዚያ በላዩ ላይ የአንድ ዓመት የመምህርነት ዲፕሎማ የሚል ነበር። ወደ ስፖርቱ ስንመጣ የበቆጂው ስንታየሁ እሸቱ አለ። አንጋፋው አሠልጣኝ ሥራውን የጀመረው የአንደኛ ደረጃ የስፖርት መምህር ሆኖ ነው፤ በ1992 በባርሴሎና የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያጠለቀችው ደራርቱ ቱሉ፣ ከእሷም በኋላ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በእሱ እጅ ካለፉት ናቸው። ለእነዚህ ልጆች ሩጫ የጀመረው በትምህርት ቤት ግቢ፣ በየቀኑ በሚያያቸው መምህር ፊት ነው። መምህርነትንና አሠልጣኝነትን አንድ ሰው ቢይዛቸው ምን እንደሚገኝ ከዚህ የተሻለ ምስክር መፈለግ አያስፈልግም፤ ሰውየው ልጁን በሜዳም በክፍልም ስለሚያውቀው የትኛው ጫና እንደሚያጠነክረው፣ የትኛው እንደሚሰብረው ይለያል።

የሚነሡ ተቃውሞዎች ግን ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ በሥራ ላይ እየተለማመደ ሐኪም ሁን የሚባል ሰው አለ ወይ? ታዲያ በልጆቻችን ላይ ለምን ይለማመዳሉ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሐኪምም እኮ ትልቁን ትምህርቱን የሚጨርሰው በሽተኛ ፊት ቆሞ ነው። ልዩነቱ ለጀማሪ ሐኪም ከጎኑ የሚቆም፣ ትእዛዙን የሚመለከት ነባር ሐኪም መኖሩ ነው። አብዛኛው ጀማሪ መምህር ግን በሩ ከተዘጋ በኋላ ብቻውን ነው፤ በመደበኛው መንገድ የመጣውም ቢሆን። ስለዚህ ተቃውሞው በትክክል የሚያነጣጥረው በክትትል ጉድለት ላይ ነው፤ መድኃኒቱም ክትትሉን ማጥበቅ ነው። ቴክሳስ በ2025 ያወጣችው ሕግ ወደዚህ ያዘነበለ ይመስላል፤ ፈቃድ የሌላቸው መምህራን ዋና ዋና ትምህርቶችን እንዳያስተምሩ ደረጃ በደረጃ ይገድባል፣ ጀማሪው ዓመቱን ሙሉ ከነባር መምህር ጋር በአንድ ክፍል እንዲሠለጥን ለሚያደርጉ ፕሮግራሞችም ገንዘብ ይመድባል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ቶሎ ይለቃሉ» የሚል ነው፤ እውነትነትም አለው። ለርኒንግ ፖሊሲ ኢንስቲትዩት በ2017 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ የትምህርት ቤቱና የተማሪዎቹ ሁኔታ ተመሳሳይ ሆኖ እንኳ በአማራጭ መንገድ የገቡ መምህራን ትምህርት ቤታቸውን ወይም ሙያውን የመልቀቅ ዕድላቸው 25 በመቶ ይበልጣል። መምህር በየዓመቱ ሲቀያየር ጉዳቱ በተማሪው ላይ ያርፋል፤ የድሃ ሰፈር ተማሪ ደግሞ ይህ በየዓመቱ ይደርስበታል። ነገር ግን የሚለቁበትን ምክንያት ስናይ ያው ጉዳይ ተመልሶ ይመጣል። ዝግጅቱ የሳሳ ሰው የመጀመሪያው ዓመት ይከብደዋል፤ ቅዳሜና እሑዱን ሙሉ የትምህርት ዕቅድ ሲጽፍ ይውላል፤ ማታ ማታ የራሱ ሥልጠና አለበት፤ የሚጠይቀው ሰው ከሌለ ይሰለቻል። ለዚህ ሰው በውድድር ወራት ቡድን ሲጨመርበት የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። አስተዋይ ርእሰ መምህር ስለዚህ በተለማማጅነቱ ዓመት የረዳት አሠልጣኝነት እንጂ የዋና አሠልጣኝነት ኃላፊነት አይሰጥም፤ ስድስት የተለያየ ትምህርት እንዲያዘጋጅም አያደርግም። ይህ ቸርነት ሳይሆን ሒሳብ ነው፤ የሚለቅ መምህር መተካት ከዚህ በላይ ያስወጣል።

ሦስተኛው ተቃውሞ በተለይ አሠልጣኞችን ይመለከታል። ሰውየው የተቀጠረው ቡድኑን እንዲያሸንፍ ነው፤ ታሪክ ክፍሉ ደመወዙን ለመሸፈን የተገኘ ሽፋን ነው ይላሉ። የአሜሪካ ተማሪዎች ቪዲዮ ከፍቶ ወንበሩ ላይ ስለሚቀመጥ አሠልጣኝ መምህር የሚቀልዱት ያለ ነገር አይደለም። ሲቪክስ (የዜግነት ትምህርት) እና ታሪክ «ማንም ሊያስተምረው ይችላል» ተብለው ለአሠልጣኝ መሸጋገሪያ መሆናቸው ለትምህርቶቹም ለተማሪውም ንቀት ነው። ይህን ለመከላከል የሚያስፈልገው ግን አሠልጣኞችን ከክፍል ማባረር አይደለም፤ ለሜዳው የሚደረገውን ጥንቃቄ ለክፍሉም ማድረግ ነው። የፉትቦል አሠልጣኝ ከግጥሚያ በኋላ ፊልሙን ከፍቶ እያንዳንዱን ጨዋታ እየመለሰ ይመለከታል፤ ማን የት እንደተሳሳተ ይጽፋል። ያንኑ ዓይን ወደ ራሱ ክፍል ቢያዞረው፣ የፈተና ውጤቱን ጥያቄ በጥያቄ ቢፈትሽ፣ እሱ ሲያስተምር አማካሪው ቀርጾት አብረው ቢመለከቱት ከብዙዎች የተሻለ መምህር ይሆናል። ቀጣሪው ደግሞ ቃለ መጠይቁን ከስፖርት ኃላፊው ጋር ብቻ ሳይጨርስ፣ አመልካቹ በተማሪዎች ፊት አንድ ክፍለ ጊዜ አስተምሮ እንዲያሳይ መጠየቅ አለበት። «ካላለፍክ አትጫወትም» የሚለው ሕግ ለተማሪ ከሠራ፣ ክፍሉን የማያስተምር ሰው ቡድን እንዳይሰጠው ማድረግም ይቻላል።

አራተኛው ስለ ገንዘብ ነው። ለትርፍ የቆሙ ማሠልጠኛዎች ብዙ ሰው በፍጥነት ባስመዘገቡ ቁጥር ያተርፋሉ፤ ሥልጠናው በኮምፒውተር ብቻ ከሆነና ተቆጣጣሪው ካልመጣ ደግሞ ወጪያቸው ይቀንሳል። አንዳንዶቹ ጥቂት መቶ ዶላር አስቀድመው ተቀብለው ቀሪውን ሺዎች ከመምህሩ ደመወዝ በየወሩ ይቆርጣሉ፤ ሰውየው ሙያውን ቢለቅም ዕዳው አይለቀውም። ስለዚህ መንግሥት ማሠልጠኛዎቹን በተመዝጋቢ ብዛት ሳይሆን በአምስተኛው ዓመት በክፍል ውስጥ ስንት እንደቀሩላቸው ቢመዝናቸው ጥሩ ነው። ተመዝጋቢውም ከመክፈሉ በፊት የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉ። ተቆጣጣሪው በዓመት ስንት ጊዜ ክፍሌ ድረስ ይመጣል? ስንት ተማሪዎቻችሁ ፈተናውን በመጀመሪያ ሙከራቸው አልፈዋል? ሥራ ካላገኘሁ የከፈልኩት ይመለሳል? የተመደበልኝ አማካሪ የእኔኑ ትምህርት ያስተምራል? ለእነዚህ ቀጥተኛ መልስ የማይሰጥ ማሠልጠኛ የሚሸጠው ወረቀት ነው።

ይህ ነገር በዳላስና በሂዩስተን፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ለሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቅርብ ጉዳይ ነው። አገር ቤት ፊዚክስ ወይም ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው አሜሪካ ሲገቡ መኪና ማቆሚያና ነዳጅ ማደያ የዋሉ ሰዎች ዲግሪያቸው ዋጋ እንደሌለው ያምናሉ። ዋጋ አለው፤ ግን ሥራ ይጠይቃል። የውጭ ዲግሪ በታወቀ የግምገማ ድርጅት ኮርስ በኮርስ ተተርጉሞ መቅረብ አለበት፤ እንደ ሁኔታው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናም ይጠየቃል። ቨርጂኒያ የሥራ ልምድ ያላቸውን ባለ ዲግሪዎች ወደ መምህርነት የሚያሸጋግር የራሷ ፕሮግራም አላት። ማስረጃው እስኪሟላ ድረስ በረዳት መምህርነት ወይም በተተኪ መምህርነት መግባት ጊዜ ማባከን እንዳልሆነ ከላይ የተጠቀሰው የቴክሳስ ቴክ ግኝት ያሳያል፤ የአሜሪካን ክፍል ጠባይ፣ የተማሪውን አነጋገር፣ የወላጁን አቀራረብ የሚማሩት እዚያ ነው። የአገር አቋራጭ ሩጫና የእግር ኳስ ቡድኖች ረዳት አሠልጣኝ በሚፈልጉባቸው ትምህርት ቤቶች ደግሞ ሩጫን ከልጅነቱ የሚያውቅ ሰው ባዶ እጁን አይቀርብም። እንዲያም ሆኖ ሯጭ የነበረ ሁሉ አሠልጣኝ፣ ሒሳብ የሚችል ሁሉ የሒሳብ መምህር አይደለም። አጭሩ መንገድ ዕውቀት ላለው ሰው የተከፈተ ነው፤ ዕውቀቱን ለሌላ ሰው ማሻገር ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ የሚለመደውም በሰው ፊት ነው።

ስለዚህ አማራጭ ፈቃድን በጅምላ ማወደስም በጅምላ መንቀፍም አያስኬድም። መንገዱ መምህራን ኮሌጅ ፈጽሞ የማይገቡ ሰዎችን ወደ ክፍል አምጥቷል፤ ክትትል ያልተለየው ሲሆንም ተማሪዎቻቸው አልተጎዱም። ክትትሉን ለገንዘብ ወይም ለጥድፊያ ሲባል ሲሸርፉት ደግሞ የሚቀረው ፈቃድ ከሌለው ቅጥር ብዙም የማይለይ ነገር ነው፤ የዚያን ዋጋ ቴክሳስ በወራት ቆጥራ አይታዋለች። ወላጅ ለልጁ መምህር «የት ተማርክ?» ከሚለው ይልቅ ለርእሰ መምህሩ «በዚህ ዓመት ሲያስተምር ስንት ጊዜ አየኸው?» ቢል የተሻለ መረጃ ያገኛል። ለመግባት የሚያስበውም ሰው መምረጥ ያለበት ቶሎ የሚያስጨርሰውን ማሠልጠኛ ሳይሆን ደጋግሞ የሚያርመውን ነው፤ ነገ ሜዳ ላይ ልጆቹን የሚጠይቃቸውም ይህንኑ ስለሆነ።